ወንድሜ በምዕራፍ አራት

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

አማካሪዬ ምዕራፍ ሦስትን መለሱልኝ። ከራስጌው እስከ ግርጌው ቀይ በቀይ አድርገውታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ማስረጃ ሞልቷል፤ ሐሳብ የለም» ብለው ጽፈውበታል። ሐሳብ የለም! ሁለት ዓመት ሙሉ ከልቦለድ እብዶች ጋር ውዬ አድሬ፣ ስድስት መጻሕፍት በቃሌ እስክወጣቸው አንብቤ፣ የትኛው ደራሲ እብዱን የት ላይ እንደሚያስቀው፣ የት ላይ እንደሚያስለቅሰው በእንቅልፍ ልቤ እየተናገርኩ፣ ሐሳብ የለም።

ሰረዝ ከጎኔ ሆኖ ወረቀቱን አጮልቆ አየና «አንቺ ታድለሽ፣ ማስረጃ አለሽ ብለውሻል። እኔን እሱንም ነፍገውኛል» አለኝ። አብሮኝ የሚማር ልጅ ነው፤ ሰረዝ የምንለው የሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነጠላ ሰረዝ ሳይጨምር ማለፍ ስለማይሆንለት ነው። ሳቅኩለት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኔ ሲያልቅ ካላስረከብኩ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ፈቃድ ያበቃል። ያለ ዲግሪው እመለሳለሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደሚል ከአሁኑ ይሰማኛል።

ቤት ስገባ ወንድሜ ድንች እየላጠ ነበር። አባታችን መኪና ገጭቶት ከሞተ ወዲህ፣ እማዬ ከተማ አልወድም ብላ አገር ቤት ከቀረች ወዲህ፣ ይህችን ሁለት ክፍል አብረን ተከራይተን እንኖራለን። የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነው። ቢሮው ውስጥ «ሚሊ» ይሉታል፤ አንዲት ሚሊሜትር ከዘለለች ምሳ አይበላም። «እታለም፣ ዛሬም ቀጠቀጡሽ?» አለኝ ፊቴን አይቶ። «አደቀቁኝ» አልኩት። ትልቁን ድንች ለእኔ አወጣልኝ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ጠዋት ስነሳ ወንድሜ ሳሎን ቆሞ ግድግዳውን በሜትር ይለካል። ምን እየሠራህ ነው ስለው ዞር እንኳ ሳይል፣ «ግድግዳ ያቆሙት ቦታ አይቆይም እኮ፣ እታለም። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ጠብቆ ነው የሚጠጋው» አለኝ።

የጥርስ ብሩሹ አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ጠብቆ ነው የሚጠጋው! ስድስቱ ደራሲዎቼ ቢሰሙ ይሻሙባት ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው በጻፈው ላይ ስጽፍ እኖራለሁ፤ እሱ አንድ መጽሐፍ ከዳር ሳያደርስ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ዱብ ይላል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እንዳትጠፋብኝ ወዲያው ጻፍኳት።

ዓይኑ ቀልቷል። ቢሮ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

መጣልኝ። ሐሳቡ መጣልኝ!

እብዱ የደራሲው አፍ ነው። ጤነኞቹ ፈርተው የሚውጡትን እሱ ይተፋዋል። ስለዚህ በነዚህ ልቦለዶች ውስጥ እብደት ሕመም አይደለም፤ ፈቃድ ነው፣ የመናገር ፈቃድ። ምዕራፍ አራት ይሄ ነው። የወንድሜን ቃል ራስጌው ላይ አኖርኩት፣ የማን እንደሆነ ሳልጠቅስ። ከዚያ በኋላ እጄ አልቆመም። ምሳም አልበላሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

እማዬ ደወለች። ከእሱ ጋር ጥቂት ካወራች በኋላ «እህትህን ስጠኝ» አለችው።

«ድምፁ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«እንጃ ልጄ። ስጠራው ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ ሌላ ሰው አናግሮ፣ ከዚያ ወደ እኔ የሚዞር ይመስላል።»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ አለሽለት አይደል?»

«አለሁ እንጂ!» አልኩ፤ ትንሽ ጮህ ብዬ። ስልኩን ዘጋሁ። እናቶች ርቀው ሲኖሩ ሁሉ ነገር ያስፈራቸዋል። ወደ ምዕራፍ አራት ተመለስኩ።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ከእኛ በታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ ለጎረቤቷ «ያ ልጅ ሲንጎራደድ ነው የሚያድር። ብቻውን ያወራል ደግሞ» ስትል ሰማሁ። ሲያዩኝ ወሬውን ወደ ውኃው መቋረጥ አዞሩት። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ውኃው አወራኋቸው።

ሰው ገዛ ቤቱ ውስጥ ቢራመድ ማንን ያማል? ሲያስብ ይራመዳል። አባታችንም ሲያስብ ይራመድ ነበር።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

አማካሪዬ ምዕራፍ አራትን አንብበው ቢሮአቸው ጠሩኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከወደዱ ያወልቃሉ ይላል ሰረዝ። «አሁን ተመራማሪ ሆንሽ» አሉኝ። ቀጥለው ራስጌው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይቺ የማን ናት? የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየኋትም።»

«የማውቀው ሰው የተናገራት ናት።»

«ታድለሻል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብሽ ካለ ጆሮሽን አትንፈጊው።»

አልነፈግሁትም። ከትናንት ወዲያ እንኳ «ስሜ ሲጠራ ፊደሎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ» ብሎኝ ጻፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ስገባ ዛሬ ምን ይል ይሆን እያልኩ ነው የምገባው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

የወንድሜ አለቃ ደወሉ። መጀመሪያ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ፤ ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ወንድሜ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቢሮ አልገባም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ከቤት ይወጣል እኮ! የት ነው የሚውለው?

«የመጨረሻውን ንድፍ ብታይው» አሉኝ ሰውዬው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። እጅግ የሚያምር መስመር። በር የለውም፣ አንድም።»

ማታ ጠየቅሁት። አልካደም። «በር ካለ ይገባሉ» አለኝ።

«እነማን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለና የመብራቱን ማብሪያ በፕላስተር መሸፈኑን ቀጠለ።

አላውቅም። ደክሞታል። ያን ቢሮ ድሮም አልወደድኩለትም፤ እንደ በቅሎ ነው የሚጭኑት። ጥቂት ቀን ይረፍ። ሦስተኛው ልቦለድ ውስጥ ያለችው መበለት መስኮቶቿን በጭቃ ትደፍናለች። ከዚህ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ የተዘጋ ቤት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ከድስት የወጣ ምግብ አይበላም። ካልታሸገ አይነካም። ተቆጣሁት። «እኔ ልመርዝህ ነው?» ስለው እንባው መጣ። «አንቺማ አይደለሽም» አለኝ። «እጅሽን ይጠቀሙበት ይሆናል እንጂ።»

ቆይቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከኋላዬ ቆሞ ገጾቹን አየ።

«እታለም፣ ያንቺ እብዶች መጨረሻቸው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም። «ሁለቱ ይሞታሉ» አልኩት። «ሦስቱ ከከተማ ይወጡና የት እንደደረሱ አይታወቅም። አንዷን ደግሞ ደራሲው ረሳት መሰለኝ፣ መካከል ላይ ትጠፋለች።»

«የሚድን የለም?»

«መዳን ለልቦለድ አይመችም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ» አለና ሄዶ ተኛ፤ በልብሱ፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

የሚድን የለም! ለምን የለም? ይህን እስከዛሬ እንዴት አላየሁትም? አንድ ሙሉ ንዑስ ክፍል ይወጣዋል።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

የፊታችን ሰኞ ጥናቴን በመምህራኑ ፊት ማቅረቢያዬ ነው። ማጠቃለያው አላለቀም። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ተዘበራርቀዋል። እማዬ ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ሐኪም ዘንድ ልውሰደው? ከሰኞ በኋላ። ከሰኞ በኋላ ሁሉንም።

ግንቦት 25፣ ሰኞ፣ ጠዋት

በሩን ይዞ ቆመብኝ። «ዛሬ አትሂጂ።»

«ቀኑ ዛሬ ነው እኮ፣ ወንድምዬ።»

«አውቃለሁ። ዛሬን ብቻ። ብቻዬን አልችላቸውም።»

ጣቶቹን ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ቀዝቃዛ ናቸው። «ስመጣ እናወራለን» አልኩት። «እሺ፣ በርቺ» አለኝ፤ የሸሚዜን ኮሌታም አስተካከለልኝ።

ይህን የምጽፈው ኮሪደር ላይ ነው። ሊጠሩኝ ነው።

ያው ቀን፣ ሲመሻሽ

በደንብ ሄደ። አጨበጨቡ። አንዲት መምህርት ብቻ «የእብዱ የራሱ ስሜትስ? ይፈራል፣ ያመዋል፤ ይህ በጥናትሽ ውስጥ የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። ሳላመነታ መለስኩ፤ ገጸ ባሕርይ የሚጠናው በሚሰጠው አገልግሎት ነው አልኩ። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

ቤት ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጫማው አለ። ስልኩ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። እሱ የለም።

ሰፈሩን ዞርኩ። አሁን ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ። ይመጣል። አየር ሊቀበል ወጥቶ ነው።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

አልመጣም።

ፖሊስ ጣቢያ። ሰረዝ አብሮኝ ሄደ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የለበሰው። የለበሰውን አላውቅም። ጠዋት እጁን እንጂ ልብሱን አላየሁም።

«የአእምሮ ሕመም አለበት?» አለኝ ፖሊሱ።

«የለበትም።»

ሰረዝ ዞር ብሎ አየኝ።  ውጭ ስንወጣ «ለምን?» አለኝ። ከአንድ ቃል በላይ የሚጨምርበት አልነበረውም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

እማዬ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ክፍሉን አየች፤ በፕላስተር የታሸጉትን ማብሪያዎች፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፉትን ልኮች፣ አልጋው ሥር የተደረደሩትን ያልተከፈቱ ቆርቆሮዎች። በእጇ ሁሉንም ዳሰሰቻቸው።

«አንቺ እዚህ ቤት ውስጥ አልነበርሽም?» አለችኝ።

 ለፖሊሶቹ የነገርኳቸውን ስነግራት ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። ራሷ ጣቢያ ሄደች፤ ከኋላ ተከተልኳት። «ልጄ ታሟል ብላችሁ ጻፉ» ስትላቸው በመስኮቱ በኩል እስከ መንገድ ተሰማ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ከሆስፒታል ተጠራሁ። አስከሬን ክፍል። ስም ያልተገኘለት፣ በቁመት እሱን የሚመስል። እማዬን ቤት ትቼ ብቻዬን ገባሁ። ሠራተኛው አንሶላውን ከመግለጡ በፊት «ተዘጋጅተሻል?» አለኝ። «ግለጠው» አልኩት።

አይደለም። እሱ አይደለም።

ደስ አለኝ። የሌላ ሰው ወንድም እዚያ ተኝቶ ደስ አለኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ።

ሁለቱ ይሞታሉ፣ ሦስቱ የት እንደደረሱ አይታወቅም። ይህን ነው ያልኩት። ጠይቆኝ ይህን መለስኩለት። ምን ቸገረኝ አንዱ ይድናል ብለው? ማን ይቆጣኝ ነበር፣ ሞቶ ያለቀ ደራሲ?

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ተገኘ!!! ሕይወቱ አለ። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ከተማ። የጭነት መኪና ሹፌሮች አውራ ጎዳና መሀል ሲሄድ አይተው፣ አንስተው ለሆስፒታል ሰጡት። የሆስፒታሉ ነርስ ናት ከፖሊስ ቁጥሬን አግኝታ የደወለችው። እየሄድን ነው። እማዬ በመንገዱ ሁሉ እጄን አልያዘችም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

እግሩ ቆስሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መድኃኒቱ አደንዝዞታል። እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሟ በእማዬ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። መቼ እንደጀመረው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ግድግዳው ያለውን፣ ስለ ስሙ ፊደሎች፣ ስለ በሩ፣ ስለ ምግቡ፤ ቃል ሳላጎድል፣ በየትኛው ቀን እንደተናገረው ጭምር። ብዕራቸውን አቆሙ።

«አንድም አልረሳሽም» አሉኝ። «እንዲህ ሲልሽ አንቺ ምን አልሽው?»

የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቼ ዘጋሁ።

«ያልሽው ነገር አለ?»

«ጻፍኩት» አልኩ።

ብዙ አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ እማዬ ዞረው በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቁ። እማዬ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ቆየች። «አባታቸው» አለች። «መኪና ገጨው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። እንዲህ እንደጀመረው ወጥቶ ሄደ። አልተገኘም።»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። አንዳችንም ሌላዋን ማየት አልቻልንም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ወደ እኛ ከተማ ሆስፒታል ተዛወረ። መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ማንኪያ ይዞ አፉ ድረስ ማድረስ አቅቶት ሾርባው ደረቱ ላይ ሲፈስ፣ እሱ፣ ሚሊሜትር የማይሳሳተው ልጅ፣ እማዬን ቀና ብሎ አያት። እማዬ ፎጣ አነሳች። እኔ የአበባ ማስቀመጫ ውኃ ልቀይር ብዬ ወጣሁ። ማስቀመጫው ውስጥ አበባ አልነበረም።

ይድናል ወይ ስላቸው አዲሷ ሐኪሙ «ይሻለዋል» አሉኝ። «ሊመለስም ይችላል። ረጅም መንገድ ነው፤ ማን እንደሚቆይለት ያያል።»

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ምዕራፍ አራትን አወጣዋለሁ አልኳቸው። ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ። ከልባቸው አዘኑ። ውኃ አስመጡልኝ። ከዚያ ግን፦

«ስሙ የለበት፣ ማን ያውቃል? ምዕራፉ ከወጣ የሚቀርሽ ማስረጃ ብቻ ነው። ጊዜ ደግሞ የለሽም።»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ።

«ስሜት ነው ይሄ።»

«ይሁን።»

መነጽራቸውን አላወለቁም። ደረጃው ላይ ሰረዝ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። አብረን ወረድን።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነን። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፤ ቃሉን እንደወሰድኩ፣ የት እንዳኖርኩት።

 ንግግሩ አሁን ቀስ ያለ ነው፣ ቃል ከቃል እየነጠለ።

«ወደዱት?» አለኝ።

«በጣም።»

«እኔ እኮ ፈርቼ ነበር፣ እታለም። አድኚኝ ማለቴ ነበር።»

«አላወቅሁም» ልለው ነበር። ውሸት ነው። ሳላውቅ አይደለም፤ ባውቅ ጽሑፌ ይቆማል ብዬ ነው። ይህን ለራሴም ዛሬ ገና ነው የጻፍኩት። ለእሱ ግን «ይቅር በለኝ» ብቻ አልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ብርድ እንደመታው ነገረኝና ሹራቤን አውልቄ ሰጠሁት። ለበሰው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ቀኑ አለፈ። ምንም አላስረከብኩም። ሰረዝ የራሱን አስረክቦ ሆስፒታል መጣ፤ ደስ እንዳለው እንዳላይበት ፊቱን ለማኮሳተር ሲጥር አሳቀኝ። ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ይጠብቀኛል። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ዕድል ይስጠኝ አይስጠኝ አይታወቅም። እማዬ አሁንም ከሚያስፈልገው በላይ አታናግረኝም። እራት ላይ ግን ሳልጠይቃት ጨው አቀበለችኝ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሐኪሟ ለግማሽ ቀን እንዲወጣ ፈቀዱለት። ፀጉሬን ልቆረጥ አለ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ፀጉር ቆራጩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረለት «ወንድሜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

ከኋላ ሆኜ አፌን ከፈትኩ። «እረፍት ላይ ነው» ልል ነበር። ቀደመኝ። በመስተዋቱ ውስጥ ሰውዬውን እያየ፣ በዚያ በዝግታው፣ «የሕንፃ ንድፍ እሠራ ነበር። አሁን ታምሜያለሁ። የአእምሮ ሕመም ነው፣ እየታከምኩ ነው» አለ።

ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። እጄ ቦርሳዬ ላይ ደረቀ።

«እግዜር ይማርህ» አለ ፀጉር ቆራጩ። ማሽኑን አነሳ። ገና ሲያስነሳው ወንድሜ ትከሻው ዘለለ።

«ድምፁ ያስፈራኛል» አለው።

«እሺ፣ እንተወዋ» አለ ሰውዬው። ገመዱን ነቅሎ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተውና መቀስ አወጣ። ሙሉውን በመቀስ ቆረጠው። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ተራ ጠባቂዎቹ አጉረመረሙ፣ አንዱ ተነሥቶ ወጣ። እኔ በመስተዋቱ ውስጥ እንዲያየኝ ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም።